አፕዴቱ ነው ወይስ ዲስኩ? ኮምፒውተር ከታደሰ በኋላ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ለምን "ይጠፋል"

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ነጻ ድጋፍ አቆመ። በደሴም በኮምቦልቻም አሮጌውን ትቶ ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር የጊዜ ጉዳይ ሆኗል፤ ገሚሱ ኮምፒውተር በኢንተርኔት ራሱ ይታደሳል፣ ገሚሱ ጥገና ቤት ገብቶ "ፎርማት ተደርጎ" ይወጣል። ከእንዲህ ዓይነቱ ሽግግር ጋር የማይቀር አንድ አቤቱታ አለ፦ "አፕዴት ካደረግኩ ወዲህ ኤክስተርናሌ አልከፍት አለ፤ ዳታዬን በላው።"

አቤቱታው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ችግሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል መጠቅለሉ ነው። ዲስኩ አለመታየቱ አንድ ነገር ነው፤ በዲስኩ ላይ ያለው መጥፋቱ ደግሞ ሌላ። የስርዓተ ክወና (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኮምፒውተሩን የሚመራ ፕሮግራም) ማሻሻያ ወይም አፕዴት የመጀመሪያውን በብዙ መንገድ ሊያደርግ ይችላል፣ ሁለተኛውን ግን የሚያደርገው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ብዙውን ጊዜ ፋይሉ የሚጠፋው ከአፕዴቱ በኋላ ባሉት አሥር ደቂቃዎች፣ የተደናገጠ ሰው በሚጫነው ቁልፍ ነው።

ለዚህ አካባቢ ነገሩ ተራ የቴክኒክ ጣጣ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የፎቶና የቪዲዮ ቤቶች የሰርግ ቀረጻ፣ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚሠሩ የሒሳብ ሠራተኞች የፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራም) ባካፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም ኤክስተርናል ላይ ወይም ፍላሽ ላይ ነው የሚቀመጠው። በኢንተርኔት የሚቀመጥ ቅጂ አስተማማኝ መስመር ይፈልጋል፤ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱ የሚረሳ አይደለም። እንዲህ ያለው መቋረጥ ሌላም መዘዝ አለው። የዊንዶውስ ማሻሻያዎች ድምር ናቸው፤ የዛሬው የትናንቱንና የትናንት በስቲያውን ይዞ ይመጣል። ለወራት ከኢንተርኔት ርቆ የከረመ ኮምፒውተር መስመር ሲያገኝ የወራት ለውጥ በአንድ ሌሊት ይወርድበታል። በማግስቱ አንድ ነገር ሲበላሽ ከየትኛው ለውጥ እንደመጣ መለየት ይከብዳል።

ስጋቱ የመጣበት መንገድ

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. አንድ የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ ኤስኤስዲ የተባሉትን፣ የሚዞር አካል የሌላቸውን ዲስኮች ከኮምፒውተር እይታ ያጠፋል የሚል ዜና ዓለምን ዞረ። መነሻው በጃፓን የተለጠፈ የአንድ ተጠቃሚ ሙከራ ነበር፦ ወደ 50 ጊጋባይት የሚጠጋ ፋይል በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ ዲስኩ ይሰወራል የሚል። ማይክሮሶፍት መርምሮ በማሻሻያውና በተባለው ብልሽት መካከል ግንኙነት አላገኘሁም አለ። የኤስኤስዲ መቆጣጠሪያ ቺፕ የሚሠራው የታይዋኑ ፋይሰንም ከ4,500 ሰዓት በላይ ሞክሬ ችግሩን መድገም አልቻልኩም ሲል አስታወቀ። ማስተባበያው ግን እንደ ወሬው አልተራባም።

ያም ሆኖ "አፕዴት ንጹሕ ነው" ብሎ መደምደም ልክ አይሆንም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ የአንዳንድ ሰዎችን የሰነድና የፎቶ ማኅደር በትክክል ደምስሷል፤ ማይክሮሶፍት ስርጭቱን በቀናት ውስጥ አቁሞ፣ የተጎጂዎች ሪፖርት ከ10,000 አንድ ያህል እንደሆነ ገልጿል። የጠፋው ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረ ማኅደር ነው። ከዚያ ቀደም፣ በጥቅምት 2006 ዓ.ም.፣ አፕል ማቨሪክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና ሲያወጣ የዲስክ አምራቹ ዌስተርን ዲጂታል ለኤክስተርናል ዲስክ ደንበኞቹ የራሱን ሶፍትዌር ከማክ ላይ እንዲያነሱ አስጠንቅቆ ነበር፤ የዳታ መጥፋት ሪፖርት ደርሶታልና።

ለያዝነው ጉዳይ ከሁሉም የሚቀርበው በግንቦት 2011 ዓ.ም. አካባቢ የሆነው ነው። ማይክሮሶፍት አንድ ትልቅ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ሲያወጣ፣ ኤክስተርናል ዲስክ፣ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ የተሰካባቸው ኮምፒውተሮች እንዳይታደሱ ራሱ ከለከለ። ምክንያቱም በማሻሻያው መሃል የዲስኮች መለያ ፊደል ይቀያየር ነበር። የትኛውም ፋይል አልተደመሰሰም፤ አድራሻው ብቻ ተዛወረ።

ከኬብሉ እስከ ስክሪኑ

ኤክስተርናል ዲስክ ሲሰካ ለተጠቃሚው አንድ ቅጽበት ይመስላል። በውስጥ ግን ብዙ ኬላ አለ። መጀመሪያ ፖርቱ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ቀጥሎ በዲስኩ ሳጥን ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ የዲስኩን ቋንቋ ወደ ዩኤስቢ ትተረጉማለች። ኮምፒውተሩ መሣሪያውን አውቆ ድራይቨር ይመድብለታል፤ ድራይቨር ማለት ስርዓተ ክወናው ከአንድ ዕቃ ጋር የሚነጋገርበት አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው። ከዚያ ዲስኩ በስንት ክፍል እንደተከፈለ የሚናገረው ሰንጠረዥ ይነበባል። በየክፍሉ ውስጥ ፋይል ሲስተም፣ ማለትም የትኛው ፋይል የት እንደሚገኝ የሚመዘግበው መዝገብ ይፈተሻል። መለያ ፊደል ይሰጠዋል፤ በመጨረሻም ይህ ተጠቃሚ ይህን ማኅደር የመክፈት ፈቃድ አለው ወይ ተብሎ ይጠየቃል።

ከእነዚህ በአንዱ ቢታገድ በስክሪኑ ላይ ውጤቱ ያው ነው፦ ዲስኩ የለም። የሐረጎ መንገድ በናዳ ቢዘጋ ግን ከደሴ የተነሳው መኪና አልደረሰም ይባላል እንጂ ኮምቦልቻ ጠፋች የሚል የለም።

አፕዴቱ የሚነካው

ከሁሉ የቀለለውና ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደነግጠው የመለያ ፊደል ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ዲስክ ከላቲን ፊደላት አንዱን ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ሲ ነው፣ ኤክስተርናሉ ደግሞ ለምሳሌ ኢ። ከማሻሻያ በኋላ ሌላ ክፍል፣ ካርድ አንባቢ ወይም የቢሮ ኔትወርክ ማኅደር ያችን ፊደል ቀድሞ ሊይዛት ይችላል። ያኔ ኤክስተርናሉ ወይ ኤፍ ሆኖ ይመጣል፣ ወይ ያለ ፊደል ይቀርና በማኅደር ዝርዝር ውስጥ አይታይም። የቪዲዮ ቤቶች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ምክንያቱን ግን ሁሉም አያውቀውም። ፕሪሚየር በተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ የተጀመረ የሰርግ ሥራ ሲከፈት ቀረጻው በሙሉ ቀይ ሆኖ "የለም" ይላል። ፕሮጀክቱ የሚያስታውሰው "ኢ ላይ ያለው ማኅደር" ብሎ ስለሆነ፣ ዲስኩ ኤፍ ከሆነ ቤቱን ቀየረ ማለት ነው። ፒችትሪም ባካፑን የሚፈልገው በለመደው አድራሻ ነው። ሁለቱም የሚድኑት በአንድ መንገድ ነው፦ በጀምር ምልክቱ ላይ በቀኝ ተጭኖ "ዲስክ ማኔጅመንት" የሚባለውን መክፈትና ለዲስኩ የድሮ ፊደሉን መመለስ። ከፋይሉ አንድም አይነካም።

ሁለተኛው ፈቃድ ነው፤ ይህ የሚገጥመው በተለይ ዊንዶውሱ ከሥሩ አዲስ ለተጫነበት ሰው ነው። ዊንዶውስ ባለቤትን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን ሲመዘገብ በተሰጠው ረጅም ቁጥር ነው። ከአዲስ ጭነት በኋላ ተጠቃሚው በዚያው ስም ቢገባም ቁጥሩ ሌላ ነው። ስለዚህ በኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የተለመደ ፋይል ሲስተም) የተዘጋጀ ዲስክ ላይ ያሉ የቆዩ ማኅደሮች "አልፈቅድም" ሊሉ ይችላሉ። በአስተዳዳሪ ሥልጣን ባለቤትነቱን ወደ አዲሱ ተጠቃሚ ማዛወር ይፈታዋል።

ሦስተኛው ምስጠራ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ብሎ መቆም ያስፈልጋል። ምስጠራ ማለት ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ተደርጎ መጻፉ ነው። የዊንዶውሱ ቢትሎከር ይባላል፤ የመጠባበቂያ ቁልፉ 48 አኃዝ ነው። ኤክስተርናሉን ቀድሞ በቢትሎከር የቆለፈና ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲከፍተው ያዘዘ ሰው፣ ያ ትዕዛዝ የተመዘገበው በአሮጌው ዊንዶውስ ውስጥ ስለነበር ከአዲስ ጭነት በኋላ የይለፍ ቃሉን ወይም ቁልፉን ይጠየቃል። ከዚህ የባሰው ሳያውቁ የሚቆለፈው ነው። 24ኤች2 ከተባለው የዊንዶውስ 11 ዕትም ጀምሮ፣ አዲስ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት የተገባበት ኮምፒውተር የውስጥ ዲስኩን በራሱ ጊዜ ሊመሰጥር ይችላል፤ ቁልፉም የሚቀመጠው በዚያ አካውንት ነው። እንግዲህ ጥገና ቤት ሲጫን የገባው የማን አካውንት ነው? ደንበኛው ኢሜይል የለኝም ብሎ ባለሙያው በራሱ አካውንት ጨርሶለት ከሆነ፣ ቁልፉ ያለው ባለሙያው ዘንድ ነው። ከዓመት በኋላ ላፕቶፑ ሞቶ ዲስኩ ወጥቶ በኤክስተርናል ሳጥን ሲሰካ 48 አኃዝ ይጠየቃል፤ ያንን ቁጥር የሚሰጥ ሌላ ማንም የለም። ኮምፒውተር ከጥገና ሲወጣ "የገባው በማን አካውንት ነው?" ብሎ መጠየቅ የዋጋ ክርክርን ያህል ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

የድራይቨርና የኃይል ጉዳይ ደግሞ ተያይዞ ይሄዳል። አዲስ ድራይቨር በሳጥኑ ውስጥ ካለችው ቺፕ ጋር ላይግባባ ይችላል፤ ዲስኩ ይታይና ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ይቋረጣል። ዊንዶውስ ባትሪ ለመቆጠብ ሥራ የፈታ ፖርት ላይ ኃይል የሚቀንስበት ቅንብርም አለው፤ ቀድሞ ተዘግቶ የነበረው ከአዲስ ጭነት በኋላ ተመልሶ ይበራል። በሌላ በኩል ዩኤስቢ 2 ፖርት የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ነው፤ በሞተር የሚዞር አነስተኛ ኤክስተርናል ሲነሳ ወደ 1 አምፒር ሊፈልግ ይችላል። ቀድሞም በጠርዝ ላይ ይሠራ የነበረ ዲስክ በትንሽ ለውጥ ይወድቃል።

በአፕዴቱ የሚሳበበው

ማሻሻያ ሲጫን ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ይነሳል። ይህ ብቻውን ብዙ የተደበቀ ጉድ ያወጣል። ለሳምንታት ተሰክቶ ሳይነቀል የከረመ የደከመ ዲስክ፣ ጠፍቶ ሲነሳ ላይነሳ ይችላል። ያን ጊዜ የሚከሰሰው ከድካሙ ይልቅ የመጨረሻው የታየው ክስተት ነው።

መብራት ሌላው ነው። ፋይል እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢቋረጥ የፋይል ሲስተሙ መዝገብ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል። ዊንዶውስ ዲስኩ ላይ "ያልተጣራ" የሚል ምልክት ያኖራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ "ልፈትሽ፣ ልጠግን" የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው።  

በፍላሽ ዘንድ የተለመደው የሾርትከት ቫይረስ ደግሞ ለየት ያለ መደናገር ይፈጥራል። ቫይረሱ እውነተኛ ማኅደሮችን ይደብቅና በቦታቸው ሐሰተኛ አቋራጮችን ያስቀምጣል። የዊንዶውስ መከላከያ ሲታደስ ቫይረሱን ለይቶ ይሰርዘዋል፤ የተደበቁትን ማኅደሮች ግን ሁልጊዜ አይገልጥም። ተጠቃሚው አፕዴት ማግስት ሲከፍት ዲስኩ ባዶ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ማኅደር ሳይታይ የተያዘው ቦታ 300 ጊጋባይት ከሆነ ፋይሉ እዚያው አለ። በእይታ ቅንብር ውስጥ የተደበቁትንም፣ "የሲስተም ናቸው" ተብለው የሚሸሸጉትንም እንዲታዩ ማድረግ ይበቃል።

ሁለቱ መስኮቶች

ዳታ በእውነት የሚጠፋው እዚህ ነው። ዊንዶውስ መዝገቡን ማንበብ ሲያቅተው "ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብህ" ይላል። ክፍፍሉን የሚናገረውን ሰንጠረዥ ማንበብ ሲያቅተው ደግሞ በዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ "ዲስኩ ይጀመር?" የሚል መስኮት ያወጣል። ሁለቱም የተጻፉት ከሱቅ ለወጣ ባዶ ዲስክ ባለቤት ነው፤ አሥር ዓመት ፎቶ ለያዘ ሰው የተሰጠ ምክር አይደሉም። አነጋገራቸው ግን ሌላ አማራጭ ያለ አያስመስልም። መልሱ በሁለቱም ላይ መሰረዝ ነው።

አንድ ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል። "ፈጣን" የሚባለው ፎርማት መዝገቡን ብቻ ይተካል፤ ከበታች ያለው በአብዛኛው ሌላ እስኪጻፍበት ይቆያል። የ"ፈጣን" ምልክት የተነሳበት ሙሉ ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ እያንዳንዱን ቦታ በዜሮ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመለስ የለም።

"ቼክ ዲስክ ይሮጥ" የሚለው የተለመደ ምክርም በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። ቼክ ዲስክ የተሠራው መዝገቡን ለማስተካከል ነው። ለማስተካከል ሲል የተቆራረጡ ፋይሎችን ስም አልባ ቁርጥራጭ አድርጎ ሊያከማች ይችላል። ለሚሞት ዲስክ ደግሞ ረጅም ንባቡ ራሱ ድካም ይጨምራል። መጀመሪያ የሚነበበውን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ጥገናው ከዚያ በኋላ።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ከሁሉ በፊት ኮምፒውተሩን "ሪስታርት" ማድረግ፤ "ሻት ዳውን" አይበቃም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የተለመደው መዝጋት ሙሉ መዝጋት አይደለም፤ ቶሎ እንዲነሳ የውስጡን ሁኔታ አስቀምጦ ነው የሚተኛው፣ በበነጋውም ከነሕመሙ ይነሳል። ሪስታርት ግን ከዜሮ ይጀምራል።

ቀጥሎ ኬብል መቀየር፣ ሌላ ፖርት መሞከር፤ በዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ይልቅ የኋላውን። ከዚያ ዲስኩን ያልታደሰ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት። ይህ አንድ ሙከራ የክርክሩን ግማሽ ይዘጋል፦ እዚያ ከተከፈተ ዲስኩ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ ኮምፒውተሩ ጋር ነው፤ እዚያም ካልታየ አፕዴቱን መክሰስ ይቁም። የሚያንኳኳ ድምፅ ካለ ወዲያው መንቀል ይሻላል፤ በእያንዳንዱ ሙከራ ጉዳቱ ይጨምራል።

ድምፅ ከሌለ ዲስክ ማኔጅመንት ይናገራል። ክፍሉ ጤነኛ ተብሎ ፊደል ከሌለው፣ ፊደል መስጠት ነው። "ሮው" ካለ መዝገቡ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ሳይደረግ ቴስትዲስክ በመሰለ ነጻ የዳታ ማግኛ ፕሮግራም ይሞከራል፣ የሚገኘውም ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳል። ዲስኩ ጨርሶ ካልተዘረዘረ ኃይል፣ ኬብል፣ ቺፕ ወይም ድራይቨር ነው። በ"ዲቫይስ ማኔጀር" ውስጥ መሣሪያውን አንስቶ እንደገና መሰካት አዲስ ድራይቨር ያስመድባል። ሳጥኑን ከፍቶ ዲስኩን በሌላ ሳጥን መሞከር የተለመደ ብልሃት ነው፤ ሁሉም ላይ ግን አይሠራም። በብዙዎቹ የዌስተርን ዲጂታል ማይ ፓስፖርት ዲስኮች ላይ የዩኤስቢ መሰኪያው ከዲስኩ ሰሌዳ ጋር የተበየደ ነው፣ ምስጠራውም እዚያው ሰሌዳ ላይ ነው።

ትልቅ ማሻሻያ ከሆነና ጥፋቱ የኮምፒውተሩ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ዊንዶውስ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው የመመለስ ዕድል ይሰጣል።

ማክ ለሚጠቀሙ ነገሩ ያነሰ ነው። ማክ የኤንቲኤፍኤስ ዲስክን ያነባል፣ አይጽፍበትም፤ እንዲጽፍ የሚጫነው የሌላ ኩባንያ ፕሮግራም በየትልቁ ማሻሻያ ሊሰናከል ይችላል። ያለ ሥርዓት የተነቀለ ኤክስፋት (ሌላ ዓይነት ፋይል ሲስተም) ዲስክ ሲሰካ ቶሎ የማይታየው ማክ ከጀርባ ስለሚፈትሸው ነው፤ መጠበቅ ነው።

አፕዴት ይዘጋ?

አንዱ ወገን "የሚሠራን ነገር አትነካካ" ይላል፤ አፕዴትን ጨርሶ መዝጋት እንደ አገልግሎት ሲጠየቅም ይሰማል። ሥጋቱ ይገባል። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አንድ ማሻሻያ በዊንዶውስ የማገገሚያ ገጽ ላይ የዩኤስቢ ኪቦርድና ማውስ እንዳይሠሩ አድርጎ፣ ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ማረሚያ ማውጣት ነበረበት። ሌላው ወገን የሚያነሳው ዋናክራይን ነው፤ ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቀው ይህ ቫይረስ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ሲያጥለቀልቅ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ከወጣ ሁለት ወር ሞልቶት ነበር። እንዲህ ያለው ቫይረስ በዚያ ሰዓት የተሰካውንም ኤክስተርናል አይምርም።

ሁለቱን ሲያመዛዝኑ መዝጋቱ አያዋጣም፤ ማዘግየቱ ግን ያዋጣል። ዊንዶውስ 11 ማሻሻያን እስከ 5 ሳምንት ለማቆየት ይፈቅዳል፤ ክፉ ስህተት ያለባቸው ዕትሞች በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጋለጣሉ። የሚጫንበት ቀን ሲደርስ ኤክስተርናሉን በሥርዓት ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ማስገባት፣ መብራት የማያስተማምን ከሆነ ላፕቶፑን ባትሪው ሞልቶ ማስጀመር።

ቀጣዩ ማዕበል የሚመጣበት ቀን ይታወቃል። ለግል ተጠቃሚዎች የተራዘመው የዊንዶውስ 10 የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያበቃል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ያላቸውንና ፕሮሰሰራቸው ከኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ የተሠሩትን ነው። ከዚያ በታች ያለ ያገለገለ ላፕቶፕ የያዘ ሰው መመዘኛውን ዘልሎ በሚያልፍ ዘዴ ሊያስጭን ይችላል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለው ኮምፒውተር ማሻሻያ የመስጠት ዋስትና የለብኝም ብሏል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ጭነት ከሥሩ አዲስ ነው፤ ከመጀመሩ በፊት የሲ ዲስኩ ዳታ ወደ ኤክስተርናል ይገለበጣል፣ ለዚያች ሰዓት ያለው ቅጂ ያ ብቻ ይሆናል። ያች ሰዓት እስክታልፍ ሁለተኛ ዲስክ መዋስ ይቻላል።